«ትንሽ ፍርኖ ብቻ ናት»፦ የሕፃናት የስንዴ አለርጂና የምግብ መረጃ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ ከሚገኝ አንድ የሐበሻ ሱቅ እንጀራ ልገዛ ገባሁ። በማግስቱ ቤታችን የሚመጡት እንግዶች የስንዴ አለርጂ ያለበት የአሥራ አራት ወር ሕፃን ይዘው ስለሚመጡ፣ ባለሱቋን «ይህ እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አዎ ወንድሜ፣ ጤፍ ነው» አለች። «ምንም አልተቀላቀለበትም?» ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና «ሊጡ እንዲይዝ ትንሽ ፍርኖ ብቻ ናት» አለችኝ። ሴትዮዋ አልዋሸችም። በእሷም ሆነ በእኔ አስተዳደግ «የጤፍ እንጀራ» ማለት አብዛኛው ጤፍ የሆነ እንጀራ ነው፤ ጥቂት ፍርኖ መጨመር የጋጋሪዋ ሙያ እንጂ የእንጀራውን ስም የሚያስለውጥ ነገር አይደለም። ለሕፃኑ ግን ጉዳዩ የስም አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች አጭር ምልልስ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሕፃናትን ከከባድ የምግብ አለርጂ ለመጠበቅ ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት የተደረገውን ጥረት ስንመረምር፣ ዋናው መሣሪያ ፈውስ ሳይሆን መረጃ ሆኖ እናገኘዋለን፦ በምግቡ ውስጥ ያለውን የማወቅ፣ አደጋ ሲደርስም በእጅ ያለውን መድኃኒት በጊዜው የመጠቀም ጉዳይ ነው። ይህን የመረጃ ሰንሰለት ለመዘርጋት ብዙ አገሮች ሕግ አውጥተዋል፤ ሕጎቹም አብዛኛውን ጊዜ የወጡት ከሕፃን ሞት በኋላ ነው። የእኛ የስደት ማዕድ ግን ዛሬም በአመዛኙ ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ መደበላለቅን ማጥራት ያስፈልጋል። በማኅበረሰባችን «የግሉተን አለርጂ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ሴሊያክ ነው፤ ግሉተን በተበላ ቁጥር የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አንጀትን ቀስ በቀስ የሚጎዳበት ሕመም ነው። ከስንዴ ጋር ያለውን ዝምድና ያረጋገጠው ቪለም ዲከ የተባለ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ዲከ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ በ1944 እና 1945 የረሃብ ክረምት በሆላንድ ዳቦ ሲጠፋ ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ሲሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሲያገረሽባቸው መታየቱ ጥርጣሬውን አጠናከረለት። ግኝቱንም በ1950 ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አሰፈረው። ሴሊያክ በደቂቃዎች ውስጥ አይገድልም።

የስንዴ አለርጂ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሕመም ሰውነት በስንዴ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን እንደ ጠላት መዝግቦ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጅላቸዋል። ሕፃኑ ስንዴ በቀመሰ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል፣ ከንፈሩና ዐይኑ ያብጣል፣ ደጋግሞ ያስታውከዋል። ጉዳዩ ሲከፋ ሳልና የትንፋሽ ማፏጨት ይከተላል፣ የደም ግፊቱ ይወድቃል፤ ይህ ከባድ ደረጃ አናፊላክሲስ ይባላል። አፍ ያልፈታ ሕፃን «ጉሮሮዬ ተዘጋ» ብሎ አይናገርም፤ ድምፁ መሻከሩ፣ ፊቱ መገርጣቱ፣ በድንገት መዛሉና ያለልማዱ መደንዘዙ ነው የሚናገርለት። በሽታው ብርቅ ነው፤ በአብዛኞቹ ጥናቶች ከመቶ ልጆች አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚገኝበት። ብዙዎቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች በ2009 የታተመና 103 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ እስከ አራት ዓመታቸው 29 በመቶው፣ እስከ ስምንት 56 በመቶው፣ እስከ አሥራ ሁለት 65 በመቶው እንደለቀቃቸው ግምቱን አስቀምጧል። ጥያቄው እንግዲህ እስኪለቃቸው ድረስ ባሉት ዓመታት ማን ይጠብቃቸዋል የሚለው ነው።

አናፊላክሲስ የሚለው ቃል የተወለደው በመርከብ ላይ በተጀመረ ምርምር ነው። በ1901 በጋ የሞናኮው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ ሁለት ፈረንሳውያን ሳይንቲስቶችን፣ ሻርል ሪሼንና ፖል ፖርቲዬን፣ በምርምር መርከቡ አሳፍሮ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ አንድ ፍጥረት መርዝ እንዲያጠኑ አደረገ። ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ ከባሕር አለት ላይ ከሚኖር ሌላ መርዛማ ፍጥረት ያወጡትን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለውሾች በመስጠት እንደ ክትባት ሊያለማምዷቸው ሞከሩ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር። ኔፕቱን የተባለ ጤነኛ ውሻ ከሦስት ሳምንት ግድም በኋላ ሁለተኛውን አነስተኛ መጠን ሲወጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞተ። ሪሼ ይህን የጥበቃ ተቃራኒ ሲል ሰየመው፤ በ1913ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1906 ደግሞ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም «አለርጂ» የሚለውን ቃል ፈጠረ። እንደ አጋጣሚ፣ ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ዛሬም ለአናፊላክሲስ ተቀዳሚ መድኃኒት የሆነውን አድሬናሊንን ነጥሮ ማውጣቱን ያሳወቀው ያኔውኑ በ1901 ነው። በሽታውና መድኃኒቱ ስም ያገኙት በተመሳሳይ ወራት ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ወላጅ ቦርሳ ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ ከሰማንያ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የምግብ አለርጂ ራሱ ለረጅም ጊዜ በሕክምናው ዓለም የተናቀ ርእስ ነበር። በ1912 የኒውዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ኦስካር ሽሎስ እንቁላል፣ አልመንድና አጃ የማይስማማውን አንድ ልጅ በቆዳ ምርመራ አጥንቶ ቢያሳትምም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ማንኛውም የማይታወቅ ሕመም በምግብ ሲላከክ ርእሱ ተዓማኒነት አጣ። መሠረት የያዘው በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ በ1966 እና 1967 ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉት ጃፓናውያን ባልና ሚስት በዴንቨር፣ ዮሃንሶንና ቤኒች ደግሞ በስዊድን ኡፕሳላ፣ የአለርጂውን ፀረ እንግዳ አካል ለየብቻ አገኙት። ቀጥሎም በ1976 ቻርልስ ሜይ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ ልጁም ሐኪሙም በካፕሱሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ የሚደረገውን የምግብ ሙከራ በሕፃናት አለርጂ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲያ «ልጄ ስንዴ አይስማማውም» የሚል ወላጅ ቃል ሊመረመርና ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ሆነ።

የፖሊሲውን ታሪክ የለወጠው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በ1992 በሂዩ ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ የታተመ አንድ አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ የሚመለከተው አሥራ ሦስት ልጆችን ብቻ ነው፤ ስድስቱ ሞተዋል፣ ሰባቱ ለጥቂት ተርፈዋል። ያደረሱባቸው ምግቦች ለውዝ፣ ሌሎች ፍሬዎች፣ እንቁላልና ወተት ነበሩ፤ ስንዴ በመካከላቸው አልነበረም። ዳሩ ግን ጥናቱ ያሳየው ነገር ለየትኛውም ምግብ የሚሠራ ነው። አሥራ ሦስቱም ልጆች አለርጂ እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። አሥራ ሦስቱም የበሉት ሳያውቁ ነው፤ በከረሜላ፣ በብስኩትና በኬክ ውስጥ ተደብቆ። ከሞቱት ስድስቱ መካከል በመጀመሪያው ሰዓት አድሬናሊን ያገኙት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከተረፉት ሰባቱ ስድስቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አግኝተዋል። የምርመራ ጉድለት አልነበረም፤ ወላጆችም አልተዘናጉም። የጎደለው በጋጋሪው ዘንድ ያለው እውቀት ወደ በላተኛው አለመድረሱና መርፌው መዘግየቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የይዘት መግለጫ ሕጎች ተከታትለው መጡ። ጃፓን በ2002 እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ በክዊትና ለውዝ በታሸገ ምግብ ላይ የግድ እንዲጻፉ አዘዘች። ስንዴ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ መግባቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ አገር በሕፃናት ላይ አለርጂ ከሚያስከትሉ ምግቦች ከእንቁላልና ከወተት ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ በሦስተኛነት የተቀመጠው እርሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2003፣ አሜሪካ በ2004 ተከተሉ፤ የአሜሪካው ሕግ በ2006 መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ትርጉም አለው። የአሜሪካው ሕግ «ስንዴ» ሲል ስንዴን ብቻ ነው፤ የአውሮፓው ግን «ግሉተን ያላቸው እህሎች» ብሎ ገብስንና አጃንም ያጠቃልላል። ስንዴ ከማይስማማቸው ልጆች አንዳንዶቹ ገብስም ስለማይስማማቸው፣ የተደባለቀ እንጀራ በሚገዛ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ተራ የሕግ ዝርዝር አይደለም።

ይሁን እንጂ ሕግ ከፋብሪካ በር አልፎ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሱቅ መደርደሪያ ለመግባት ሌሎች ሞቶችን ጠይቋል። በታኅሣሥ 2012 በቶኪዮ ቾፉ ከተማ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጅ በትምህርት ቤት ምሳ ላይ በተጨመረላት አይብ ያለበት ምግብ ምክንያት ሞተች። የወተት አለርጂዋ የታወቀ ነበር፤ አድሬናሊኑም በቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ የተሰጣት ግን ዘግይቶ ነው። ጃፓን በ2014 የአለርጂ በሽታዎችን የሚመለከት መሠረታዊ ሕግ አጸደቀች። በእንግሊዝ ደግሞ ናታሻ ኤድናን ላፔሩዝ የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በ2016 ሰሊጥ እንዳለበት ባልተገለጸ ሳንድዊች ሞተች። ዳቦው እዚያው ሱቁ ውስጥ ተጋግሮ የታሸገ በመሆኑ ሕጉ ዝርዝር መግለጫ አይጠይቅም ነበር። በስሟ የሚጠራው ሕግ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ይህን ቀዳዳ ዘጋ። እዚያው ተጋግሮ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሲባል አንባቢ ምን እንደሚታየው እገምታለሁ። በለንደን ያለ ባለሱቅ በጓሮው ጋግሮ በላስቲክ አሽጎ የሚያሰልፈው እንጀራ በዚህ ሕግ ሥር ነው።

ከመግለጫው ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም ለወላጆች የተሰጠው ምክር መገልበጥ ነው። በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ በቤተሰባቸው አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት የላም ወተት እስከ አንድ ዓመት፣ እንቁላል እስከ ሁለት፣ ለውዝና ዓሣ እስከ ሦስት ዓመት እንዲዘገይላቸው መከረ። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስል ነበር፦ ያልበሰለ አንጀት እንግዳ ፕሮቲን ካላገኘ አይቆጣም። በጠንካራ ሙከራ የተፈተነ ግን አልነበረም። ለስንዴ የተለየ ዓመት ባይቀመጥም፣ «አስቸጋሪ ምግብን አዘግይ» የሚለው መንፈስ ወደ ስንዴም ተሻገረ፤ ብዙ ቤተሰቦች ሕፃናቸውን በሩዝ ገንፎ ጀምረው ስንዴን አቆዩ።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በስንዴ በራሱ ላይ ነው። በ2006 የታተመ፣ በዴንቨር አካባቢ 1,612 ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ የተከታተለ ጥናት፣ እህል ከስድስት ወር በኋላ የጀመሩት ልጆች ለስንዴ አለርጂ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው እንደታዩ ዘገበ። የስንዴ አለርጂ የተነገረባቸው አሥራ ስድስት ልጆች ብቻ ስለነበሩ፣ ከዚህ ቁጥር ላይ ትልቅ ግንብ መገንባት አይቻልም። ሆኖም አቅጣጫው ከምክሩ ጋር የሚጋጭ ነበር። በ2008 አካዳሚው የማዘግየቱ ምክር በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጾ ወደ ኋላ አለ። በዚያው ዓመት በለንደን የሚሠሩት ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ፣ በእንግሊዝ የሚኖሩ አይሁድ ልጆች የለውዝ አለርጂ 1.85 በመቶ ሲሆን በእስራኤል ያሉት ግን 0.17 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳተሙ። የእስራኤል ሕፃናት ባምባ የሚባለውን የለውዝ መክሰስ ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው ይበሉ ነበር፤ በእስራኤል ልጅ ያሳደጉ ወገኖቻችን ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ያውቁታል። በ2015 የወጣው በዕጣ የተመደበ ሙከራ ጉዳዩን ደመደመው። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ተከፈሉ፤ በመነሻው የቆዳ ምርመራ ምልክት ካልታየባቸው መካከል ለውዝ የተከለከሉት 13.7 በመቶ፣ በጊዜ የጀመሩት ግን 1.9 በመቶ ብቻ በአምስት ዓመታቸው አለርጂ ያዛቸው።

ለውዝ ላይ የተረጋገጠውን ወደ ስንዴ በቀጥታ መገልበጥ ግን ያንኑ የ2000ውን ስሕተት በሌላ አቅጣጫ መድገም ይሆናል። በ2016 በእንግሊዝና በዌልስ 1,303 ጡት የሚጠቡ ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ስንዴን ጨምሮ ስድስት ምግቦችን ከሦስት ወር ጀምሮ ማስለመድን ፈተነ። በአጠቃላይ ውጤቱ አስተማማኝ ልዩነት አላሳየም፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት መርሐ ግብሩን እስከ መጨረሻው መከተል የቻሉት ከግማሽ ያነሱ መሆናቸው ነው። ስድስት ምግብ በየሳምንቱ ለአራት ወር ሕፃን መመገብ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገረምም። ዛሬ የተረጋጋው ምክር መጠነኛ ነው፦ ስንዴን ከሌላ ተጨማሪ ምግብ ጋር ከስድስት ወር ግድም፣ ከአራት ወር ግን ሳይቀድም መጀመር፣ ሆን ብሎ አለማዘግየት፣ ከባድ ችፌ ወይም ቀደም ብሎ የታየ አለርጂ ካለ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር። አለርጂው አስቀድሞ በተረጋገጠበት ልጅ ላይ ይህ ምክር አይሠራም፤ እርሱን በቤት ውስጥ «ማለማመድ» አደገኛ ነው።

የስዊድን ታሪክ እዚህ ላይ ቢገባ አይበዛም፤ ምንም እንኳ ነገሩ ስለ ሴሊያክ ቢሆን። በ1982 የስዊድን ባለሥልጣናት ግሉተን ከአራት ወር ወደ ስድስት ወር እንዲዘገይ መከሩ፤ በዚያው ዘመን «ቬሊንግ» በሚባለው የሕፃናት ቀጭን ገንፎ ውስጥ ያለው ዱቄት በዝቶ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ሴሊያክ አራት እጥፍ ያህል ጨመረ። በ1996 ምክሩ ተለውጦ ጡት እየጠቡ ቀስ በቀስ መጀመር ሲፈቀድ ቁጥሩ ወረደ። ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያወቀ መሰለው። በ2014 የወጡ ሁለት የአውሮፓ ሙከራዎች ግን የመጀመሪያው ጊዜ ብቻውን ልዩነት እንደማያመጣ አሳዩ። ይህቺው ስዊድን ናት በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍልን ያቋቋመችው፤ ከዚያም ብዙዎቻችን የቀመስነው ፋፋ ወጣ። ስንዴ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት በአንድ ከረጢት፦ ዛሬ በአለርጂ ዝርዝር አናት ላይ የሚጻፉት ሦስቱ። የያኔው ጠላት ረሃብ ነበርና ማንም አልተሳሳተም።

ማዘግየቱ ለምን እንዳልሠራ የሚያስረዳ ፍንጭ ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። በጃፓን አንድ ተወዳጅ የፊት ሳሙና በኬሚካል የተሰባበረ የስንዴ ፕሮቲን ነበረበት። እስከ 2011 በሰፊው ሲሸጥ ቆይቶ፣ ዳቦና ኑድል ዕድሜ ልካቸውን በሰላም የበሉ ከ2,000 በላይ ሰዎች የስንዴ አለርጂ ያዛቸው፤ አንዳንዶቹ ከበሉ በኋላ ሲንቀሳቀሱ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ስንዴው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ገብቶ ነበር። ይህ ላክ በ2008 ካቀረበው መላ ምት ጋር ይገጥማል፦ ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት መታገሥን ይማራል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ግን መጥላትን ይማራል። ችፌ ያለበት ሕፃን በዱቄት ብናኝ በተሞላ ቤት ውስጥ እየዳኸ፣ ስንዴ ግን እንዳይበላ ሲከለከል፣ ሰውነቱ ስንዴን የሚተዋወቀው በተሳሳተው በር ነው። የሕፃን ቆዳ መንከባከብ የአለርጂ ጉዳይ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። በ1987 አሜሪካ የፈቀደችው ራሱን የሚወጋ የአድሬናሊን ብዕር መነሻው ወታደራዊ ነበር፤ ለነርቭ ጋዝ መከላከያ የተሠራን መሣሪያ የቀየረ ነው። በምግብ አለርጂ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለወላጅ የተጠቀመ ዕቃ አላውቅም፤ ግን ለሕፃን አልተሠራም። ዝቅተኛው መጠን 0.15 ሚሊግራም ሲሆን የተፈቀደው ከ15 ኪሎ በላይ ለሚመዝኑ ልጆች ነው። ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ግን ከስድስት ወር ግድም ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሕፃን ስምንት ኪሎ ቢመዝን ነው። ሐኪሞች ትልቁን መጠን ለትንሹ ልጅ ያዙ ነበር፣ ወይም ወላጅ በሲሪንጅ ከአምፑል እንዲቀዳ ያስተምሩ ነበር። ከ7.5 እስከ 15 ኪሎ ላሉ ሕፃናት 0.1 ሚሊግራም ያለው ብዕር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2017 መጨረሻ ነው፤ ከመጀመሪያው ብዕር ሠላሳ ዓመት በኋላ። በመካከሉ የዋጋው ነገር አለ፦ ሁለት ብዕር የያዘው እሽግ በ2000ዎቹ መጨረሻ መቶ ዶላር አካባቢ የነበረው በ2016 ስድስት መቶ ዶላር ደርሶ የኮንግረስ ምርመራ አስከትሏል። በብዕሩ ውስጥ ያለው ራሱ መድኃኒት ርካሽ ነው፤ በአምፑል መልክ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

እነዚህ እርምጃዎች ተደምረው ምን አመጡ? በእንግሊዝ ከ1998 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በምግብ አናፊላክሲስ ሆስፒታል የሚገቡት ከመቶ ሺሕ ሰው 1.23 ከነበሩበት ወደ 4.04 አደጉ። ከገቡት መካከል የሚሞቱት ግን ከ0.70 በመቶ ወደ 0.19 በመቶ ወረዱ። አለርጂው በዛ፣ መግደሉ ቀነሰ። ወላጅ ሌሊቱን ሙሉ በፍርሃት እንዳያድር ይህን ቁጥር ማወቅ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ሱቁ ልመለስ። የስደት እንጀራ ስንዴ የገባበት በስስት አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ምዕራቡ ዓለም የተሰደዱት እናቶቻችን ጤፍ የሚባል ነገር በሱቅ አላገኙም። ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄትን በጋዝ ውሃ አቡክተው ዐይን አስወጡለት፤ እንጀራ የመብላት ልማዳችን በባዕድ አገር የተረፈው በስንዴ ነው። ኢዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ሲመረት ነገሩ ጥቂት ቀለለ፤ ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል ደግሞ ዋጋው ወደ ድብልቁ መለሰን። እንጀራው ራሱ ከክልከላው ውጭ ስለሆነ በአውሮፕላን መምጣቱን ቀጠለ። በዚህ መካከል ጤፍ «ግሉተን የሌለው እህል» ተብሎ በዓለም ገበያ ዝናው ወጣ። ስለዚህ አንድ የነርስ ቤት ሠራተኛ ወይም የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ኢንተርኔት ከፍታ «እንጀራ ስንዴ የለበትም» የሚል ስታነብ፣ የምታነበው ስለ ጤፍ ነው፤ በሳህኑ ላይ ያለው ግን የስደቱ እንጀራ ነው። የእህላችን ዝና ከእንጀራችን ይዘት ተለያየ።

በዚህ ላይ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚለው የሽማግሌዎች ቃል ይጨመርበታል። ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከጊዜው የዘገየ ነው። በጅማ የተደረገና በ2001 የታተመ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች የትንፋሽ ማፏጨት እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል፤ አካባቢ የአለርጂን ዕድል እንደሚለውጥ ከሚጠቁሙት ማስረጃዎች አንዱ ከእኛው ምድር የተገኘ ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ ወላጆቻቸው ከምሥራቅ እስያ የመጡ፣ እዚያ የተወለዱ ሕፃናት ከነባሩ ሕዝብ ልጆች ይልቅ ለለውዝ አለርጂ የበለጠ ተጋልጠው ተገኝተዋል። አያት ያላዩትን በሽታ የልጅ ልጅ ሊይዘው ይችላል። አያት «ትንሽ ዳቦ ምን ታደርገዋለች» ብለው በፍቅር ሲያጎርሱ፣ ተቃውሞው ከእውቀት ሳይሆን ከጉርሻ ጋር ነው፤ ለዚህም ነው የጽሑፍ መግለጫና የሐኪም ወረቀት ከምራት ቃል ይልቅ የሚሰማላቸው።

የሕጉ ሁኔታ በየአገሩ ይለያያል። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ምግብ ቤትም ሆነ ሳይታሸግ የሚሸጥ ምግብ የአለርጂ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በስቶክሆልም ወይም በፍራንክፈርት ያለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት «ጤፍ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የታሸገውን እንጀራ ይመለከታል፤ ምግብ ቤት ሳህን ላይ የሚቀርበውን አይመለከትም። በቤቱ ጋግሮ የሚሸጠውን በተመለከተ በብዙ ግዛቶች ያሉት ሕጎች መግለጫ ይጠይቃሉ፤ በተግባር ግን በስልክ ታዝዞ በጥቁር ላስቲክ የሚመጣው እንጀራ ላይ ምንም ተጽፎ አላየሁም። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን ለዓመታዊ በዓላቸው ምግብ አቅራቢ ሲመርጡ የይዘት ዝርዝር በጽሑፍ ቢጠይቁ፣ ከማንኛውም ተቆጣጣሪ በፊት ገበያውን የሚለውጡት እነሱ ናቸው። በአማርኛና በትግርኛ የተጻፈ «ስንዴ አለበት» የሚል ተለጣፊ ወረቀት የሚያስወጣው ገንዘብ ከአንድ እንጀራ ዋጋ ያነሰ ነው።

ባለሱቋን ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። በመጨረሻ ስሄድ በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በእጇ የጻፈችው ካርቶን ነበር፦ ጤፍ፣ ገብስ፣ ፍርኖ። ምን ያህል ምን ያህል እንደሆነ ለምን እንዳልጻፈች ስጠይቃት፣ የጤፍ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ድርሻውም አብሮ እንደሚለዋወጥ ነገረችኝ። ለዚያ ሕፃን ግን ድርሻው አያስፈልገውም፤ ሦስተኛው ቃል ይበቃዋል።